አቶ አስናቀ አደራ ያልሰጡበት ቀን

ሴት ልጁን መኪና ላይ ካሳፈረ በኋላ በሩን ይዞ፣ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ እያየ፣ ልጁን የሚያስረክበው ሰው የሚፈልግ አባት ያላጋጠመው ሰው መናኸሪያ ረግጦ አያውቅም። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ይሁን ሠላሳ፣ ለእሱ ለውጥ የለውም።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው የጋፋት ሰው፣ አቶ አስናቀ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው ብዙነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ናት። ብዙነሽ ዐረብ አገር ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ አሁን ነፋስ መውጫ ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ባሕር የተሻገረ ሰው ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ በሚኒባስ መሄድ አያቅተውም። ይህን ስታስረዳቸው ክቡርነታቸው «እሱስ ልክ ነሽ» ይሏታል። ከዚያ አንገታቸውን መኪናው ውስጥ አስገብተው ፍለጋቸውን ይቀጥላሉ።

አመራረጣቸው ሥርዓት አለው። ጎረምሳ አይሆንም፤ ጎረምሳ ራሱ ጠባቂ ያሻዋል። ነጋዴም አይሆንም፤ ልቡ ከጭነቱ ላይ ነው። ነጠላ ያጣፉ እናት ወይም ጥምጥም ያሰሩ ካህን ካገኙ ግን ፊታቸው ይበራል። «እናቴ፣ ወዴት ነዎት? ነፋስ መውጫ? እሰይ! ይችን ልጄን አደራ፤ አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!» ቆሎ ያስጨብጣሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ የልጅቷንም ቁጥር ጨምረው ይሰጣሉ። በዚህ የተነሳ የብዙነሽን ስልክ የማያውቅ የጋይንት ካህን ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ መርጌታ አዳነ ተረከቧትና ከክምር ድንጋይ እስከ ገሳይ ትከሻዋ ላይ ተኙ። ሌላ ጊዜ የተረከቧት እናት መኪና የማይስማማቸው ሆነው፣ ፌስታል ይዛ ግንባራቸውን ስትደግፍ የዋለችው እሷው ናት። አንዲት ሴት ደግሞ ገሳይ ላይ ወራጅ ነበሩ። አደራ በልቶ መውረድ ስላስፈራቸው ከኋላ የተኛ ሰውዬ ቀሰቀሱና «ይችን ልጅ ተረከበኝ» ብለውት ወረዱ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ብዙነሽ ከሃፍረቷ የተነሳ መስኮት መስኮቱን ስታይ ነፋስ መውጫ ደረሰች።

መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ዘመን በአባት ስጋት አይፈረድም። ቢሆንም ሰው ይሰለቻል። ባለፈው ለበዓል መጥታ ስትመለስ ብዙነሽ መናኸሪያው በር ላይ ቆመችና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ለማንም አደራ እንዳይሉ። ዐረብ አገር ስሄድ ማን አደራ ተባለልኝ? ብቻዬን ሄጄ፣ ብቻዬን ኖሬ ተመለስሁ። ቃል ይግቡልኝ።»

አቶ አስናቀ ዱላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዟዟሩ። «እሺ ልጄ። ቃሌ ነው» አሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ቆሎውን በኪሳቸው እንደያዙ መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ብዙነሽ ጎን የተቀመጡትን ባለነጠላ እናት አንዴ አዩና፣ በጾም ቀን ሥጋ እንዳየ ሰው ዐይናቸውን መለሱ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት።

ብዙነሽ ነጻነቷን ታቅፋ ተቀመጠች። ክምር ድንጋይ አለፈ። የጉና ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ማንም «በልተሻል ወይ?» አላላትም፤ የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቃትም የለም። ዐረብ አገር፣ ስሟን የሚጠራ በሌለበት ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምታመሽበት ዝምታ ተመልሶ መጣባት። ሆድ ባሳት። የፈለገችው ይህንኑ ስለነበር ደግሞ የምትቆጣው ሰው አጣች።

ገሳይ ላይ ስልኳ ጮኸ። መርጌታ አዳነ ናቸው፤ እኚያ ትከሻዋ ላይ የተኙት።

«ልጄ፣ ከአባትሽ ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ኧረ አልተጣላንም መርጌታ። ምነው?»

«አሁን ደውለውልኝ ነበር፤ ድምፃቸው ደስ አይልም። ‹ዛሬ ለማንም አደራ አላልሁም፤ የሚደውልልኝ ሰው የለም› አሉኝ።»

«እኔ እደውልላቸው የለም እንዴ?»

«አንቺማ ‹ደርሻለሁ፣ ደህና ይደሩ› ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ገሳይ ላይ ሻይ መጠጣትሽን፣ ብርድ እንደመታሽ፣ በምን እንደሳቅሽ የምንነግራቸው እኛ ነን። ከዚያ ወሬው ወሬን ይወልዳል። እናትሽ ካረፉ ወዲህ በስልክ የሚያመሹት ካንቺ አደራ ተቀባዮች ጋር ነው፤ አታውቂም ኖሯል?»

አታውቅም ነበር። ደርሻለሁ፣ ደህና ይደሩ። ዐረብ አገር ሳለች ለቅሶዋ እንዳይሰማባቸው ቶሎ ትዘጋው ነበር፤ ከተመለሰችም በኋላ ልማዱ አልለቀቃትም። አሁን አባቷ ቆሎውን እንደያዙ ብቻቸውን ወደ ጋፋት ሲወርዱ ታዩዋት። እስከ ዛሬ ጠባቂ ሲፈለግ የኖረው ለእሷ መስሏት ነበር።

ወደ ጎን ዞረች።

«እናቴ፣ ወዴት ነዎት?»

«ነፋስ መውጫ ነኝ፣ ልጄ።»

«ማን ልበልዎ?»

«ለተሥላሴ።»

«እማማ ለተሥላሴ፣ እኔ ብዙነሽ አስናቀ እባላለሁ፣ የጋፋት ልጅ ነኝ። አደራ የሚሉልኝ አባቴ ነበሩ፤ ዛሬ እኔ ከልክያቸው ዝም አሉ። እባክዎን ይረከቡኝና ይንገሩልኝ።»

እማማ ለተሥላሴ አሟት እንደሆነ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። እሷ ግን ደውላ ስልኩን አስጨበጠቻቸው። ሴትዮዋ ስልክ ሲያናግሩ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣሩ ነበርና መኪናው በሙሉ ሰማ።

«አቶ አስናቀ ነዎት? ልጅዎ እኔ ዘንድ ናት! አዎን፣ እዚሁ አጠገቤ! ኧረ ምንም አልበላችም፣ ፊቷም ገርጥቷል! ምን? ማን?» ወደ ብዙነሽ ዞሩ። «ቆሎው ኪሴ ውስጥ ቀረ ይላሉ አባትሽ።»

ብዙነሽ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«ምንም አይደል፣ ለሚመጣው ጊዜ ያስቀምጡልኝ!» ብለው ጮኹ እማማ ለተሥላሴ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም ጨመሩ፤ «አሁን ሳቀች።»

መኪናው ነፋስ መውጫ ሲገባ ገና እያወሩ ነበር። ብዙነሽ «ስልኬን ይመልሱልኝ» አላለችም።