የጠያቂ ስኳር

በሃያ ሁለት አካባቢ የእኔን ያህል ያነበበ የለም፤ ፊደል የለየሁትም ያለ አስተማሪ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። በሽተኛ ጠያቂ የሚባለው ፍጡር ግን እስካሁን አልገባኝም። እናንተስ ገብቷችኋል?

ጎረቤቴን ታደሰን ሐኪሙ «ጣፋጭ ካልተውክ ዓይንህ ይጠፋል» አለው። ሰፈርተኛው ደነገጠና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ያገኘውን ስኳር እየያዘ ሊጠይቀው ጎረፈ። አንዷ ለስላሳ ከፍታ «ትንሽ ቅመስ፣ ፊትህ ገርጥቷል» ብትለው ይሉኝታ ይዞት ጠጣ። እኔ የተማርኩት ግን ሁሉንም ገሠጽኳቸው። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆን ብቻ፣ አንድ ኪሎ ስኳር በቀይ መሐረብ ቋጥሬ አስቀመጥኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ያው ሐኪም እኔንም ያንኑ አለኝ። ታደሰ ሊጠይቀኝ መጣ። ቀዩ መሐረቤ በእጁ ነው፤ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም።

«እግዜር ይማርዎ፣ ጋሼ።»

«ይሄ የኔው ስኳር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ዓይኔን ብዬ አልነካሁትም።»

«የኔ ዓይንስ?»

«ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ፣ ጋሼ?»

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩት። ቋጠሮውን ትራስጌዬ አስቀምጬ፣ ከሰፈሩ ማን እንደሚታመም እየጠበቅሁ ነው።