ከደፉ ወዲህ

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። በሕልሜ አንገቴ ላይ ገመድ ነበር፤ የገመዱን ጫፍ የያዘው ውሻዬ ቡላ ነው።

ግቢው የራሴ ግቢ ነው። የቆርቆሮ አጥሩም፣ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ጉቶም፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ያው ነው። እኔ ከቤቱ ደፍ ውጪ መሬት ላይ ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ። ቡላ በሁለት እግሩ ቆሞ ከቤት ወጣ። ዘበኛ ሳለሁ የምለብሰውን ካፖርት ለብሷል። ልኩ ነበር።

«ተነሥ» አለኝ። «ዛሬ የፈተናህ ቀን ነው።»

የምን ፈተና እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፈተናው በእውኑ የእሱ ነበር።

ሚስቴ አስካለ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግማሽ ጎኗ በድን ሆኖ፣ ከከተማው ማዶ ባለ ማገገሚያ ተኝታ ነበር። አትናገርም። ሰው ሲገባ ዓይኗን አትገልጥም፤ ለእኔም አትገልጥም። አንድ ቀን ግን ከመስኮቱ ውጪ የሰፈር ውሻ ሲጮህ እጇ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። የምታስታምማት ሲስተር ፈትለወርቅ ይህን አይታ፣ «አባባ፣ ቤታችሁ ውሻ አለ?» አለችኝ። ውሻ አሠልጥነው ከበሽተኛ አጠገብ እንዲቀመጥ፣ እንዲያጽናና የሚያደርጉበት አገር እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ አለቆቿን ለምና አስፈቀደችልን። ቡላ ከተከተበ፣ ንጹሕ ከሆነ፣ በሰው ላይ ካልጮኸ፣ በር ገብቶ ራሱን አልጋው ላይ አሳርፎ ዝም ማለት ከቻለ ሐሙስ ይሞከራል። ካልቻለ ሁለተኛ አይሞከርም ተባልኩ።

ቁርጥማት ጣቶቼን ጨምድዶ ቡጢ አድርጓቸዋል። ጉልበቴም እንደ ልቡ አይታጠፍም። ገመድ መያዝ ስላቃተኝ ወገቤ ላይ አስሬ አሠለጠንኩት። ሰው አጥሩን ሲነካ እንዳይጮህ አስተማርኩት። ይህኛው ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ከበደኝ፤ ዘበኛ ሰው የሚጮህ ውሻ ነው የሚወደው። ራሱን ቡጢዬ ላይ አሳርፎ ሳይነቃነቅ መቀመጥንም ለመደ።

የቀረን ደፉ ብቻ ነበር። አስካለ ውሻ ቤት አታስገባም። ገና ቡችላ ሳለ ሊገባ ሲል የመጥረጊያውን እንጨት ደፉ ላይ ኳ ኳ ታደርግና፣ «እዚያው፤ እግርህ ጭቃ ነው» ትለዋለች። መትታው አታውቅም። ምግቡን እዚያው ደፉ ላይ ታቀርብለታለች፤ ከእኔ ቀድሞ የሚበላበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ አደገና ቡላ የማንንም ቤት ደፍ የማያልፍ ውሻ ሆነ። በሥጋ ለመንኩት። በገመድ ጎተትኩት፤ የወደቅሁት እኔ ነኝ። እሷው ራሷ ያስተማረችው ትምህርት ሐሙስ የክፍሏ በር ላይ ሊያስቀረው ነው። ረቡዕ ምሽት የፊት እግሮቹን ከደፉ ጋር አስተካክሎ ተኝቶ ያየኝ ነበር። ምናልባት ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌለት ተኛሁ።

እና በሕልሜ ካፖርቱን ለብሶ፣ «ተቀመጥ» አለኝ።

ልቀመጥ ስል ጉልበቴ ተንቋቋ። ቡላ ጎንበስ ብሎ ላሰልኝ። ሕመሙ ከእኔ ለቅቆ ወደ እሱ ሄደ፤ እሱ እያነከሰ፣ እኔ በአራት እግሬ እየሄድኩ መንገድ ጀመርን።

የዕድራችን ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ጎረቤቴ ነው። በሰንሰለት ከአጥሩ ሥር ታስሮ በአላፊ አግዳሚው ላይ ሲጮህ አገኘነው። ሲያየኝ ጩኸቱን አቆመ።

«አጥናፌ፣ ወዴት ነው የሚወስድህ?»

«ሥራ ሊያስገባኝ።»

«የምን ሥራ?»

«ሰው ማጽናናት።»

ሰንሰለቱ እስኪንኳኳ ሳቀ። «አንተ ነህ የምታጽናና? ለቅሶ ቤት መጥተህ ጥግ ይዘህ ካርታ ከመጫወት በቀር ምን ታውቃለህ?»

ልመልስለት ስል ቡላ ገመዱን ሳብ አደረገ። የሚጮህ ሰው ፈተና አያልፍም አለኝ። ተከተልኩት።

በገበያው በኩል አለፍን። በጎች ሰው እየመረጡ ነበር። አንድ ሙክት የአንድ ወፍራም ነጋዴ ሽንጥ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸና፣ «ይህስ ለበዓል አይደርስም» ብሎ ጥሎት ሄደ። ነጋዴው አፈረ፤ ሆዱን ነፍቶ ሌላ ገዢ ይጠብቅ ጀመር። ፈረሶች ጋሪ ላይ ተቀምጠው ባለጋሪዎቹን ይነዳሉ። አንደኛው ፈረስ አንገቱን አስግጎ፣ «ማዘጋጃ፣ ማዘጋጃ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ የምታወርደው ግን ውርጭ ነው። ሰዎች ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣሉ፤ ጥላው ይሞቃል።

ክትባት ቦታው ላይ ውሾች የየራሳቸውን ሰው ይዘው ተሰልፈዋል። አንዱ ሰው የሌላውን እግር አሽትቶ በገመድ ተገረፈ። መርፌ የምትወጋው ነጭ ዶሮ ነበረች።

«ዝርያው ምንድን ነው?» አለች።

«የሰፈር» አላት ቡላ።

«ይናከሳል?»

«ጥርስ የለውም። በንግግሩ ነው።»

«ጣቱስ ምን ሆኖ ነው?»

«ዕድሜውን ሁሉ ዱላ ይዞ የሰው በር ሲጠብቅ ኖሯል። ዱላውን ከተቀበሉት ቆየ፤ እጁ ግን አልሰማም።»

ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ ቡጢዬን አየችው። ከዚያ በሌላው ዓይኗ አየችው። እንዲህ ያለ እጅ አይፈታም፣ ቢሆንም ይሞከር ብላ ወጋችኝ። አላመመኝም። ያመመው ቡላን ነው፤ ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ ክንዱን አሸ።

ማገገሚያው ደጃፍ ስንደርስ ሕሙማኑ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ቆመው ነበር። ጤነኞቹን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ውስጥ አልጋው ሁሉ በጤነኛ ሞልቷል። ሲስተር ፈትለወርቅ እስከ አገጯ ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች። አንድ እግር የሌለው ሽማግሌ ብርቱካን እየላጠላት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ፈረቃሽ ሲያልቅ ይሻልሻል» ይላታል። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንቅልፏ መጥቶ ነው ብዬ አለፍኳት።

የአስካለ ክፍል መጨረሻው ላይ ነው። በሩ ተከፍቷል። የበሩ ደፍ ግን ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል፤ የእኔው ቤት ደፍ ነው፤ ምግቡ የሚቀመጥበት ቦታ የተቦረቦረው እንኳ አልቀረም። አስካለ በእግሯ ቆማ ክፍሉን ትጠርጋለች። በሁለቱም እጆቿ ነው መጥረጊያውን የያዘችው። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች።

ቀና አለችና አየችኝ። ከፋሲካ ወዲህ ዓይኗን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቡላ ካፖርቱን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈውና እላዩ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ እኔ ስለ እሱ ልናገር አጥንቼው የነበረውን ስለ እኔ ተናገረ። አይጮህም። ሲያዝዙት ይቀመጣል። ሰው ሲነካው አይደነግጥም። ታጥቧል።

«እጁ ብቻ ነው የማይዘረጋ» አለ።

«የእጁን ነገር ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለች አስካለ።

ድምጿ ከእንቅልፍ እንደ ተነሣ ሰው ሻከር ብሏል። እንዲህ እያለች ብትቆይልኝ ፈለግሁ፤ ስለ እጄም ቢሆን፣ ብትቆጣኝም።

«በል እለፍ» አለኝ ቡላ። «እግርህን አንሣ።»

እግሬ እምቢ አለ። ሁለቱን ቡጢዎቼን ከጭኔ ሥር አግብቼ አነሣሁት። ደፉ ላይ ሊደርስልኝ ሲል አስካለ የመጥረጊያውን እንጨት ኳ ኳ አደረገች።

«እዚያው» አለችኝ። «እግርህ ጭቃ ነው።»

ወደ እግሬ አየሁ። እውነቷን ነው።

«እጠርገዋለሁ» አልኳት። «ቆይ አስካልዬ፣ አሁን እጠርገዋለሁ።»

ማጎንበስ አልቻልኩም። አንዱን እግሬን በሌላው ላሸው ብሞክር ጭቃው ባሰ። እሷ አልተቆጣችም። እንደ ጥንቱ ጭቃው እስኪደርቅ የምትጠብቅ መሰለኝ፤ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ውሻው አዞረች።

«ቡላ፣ አንተ ግባ» አለችው። «በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ ግባ።»

ቡላ በአራት እግሩ ቆመ። እንደ ልማዱ የፊት እግሮቹን ከደፉ ጋር አስተካከለ። እኔን አየኝ። እሷን አየ። ከዚያ ዘለለ። አስካለ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። ረጅም ነገር ነበር፤ ለእኔ አልተሰማኝም። በሩ ቀስ እያለ ይዘጋ ጀመር።

ልጮህ ፈለግሁ። የተማርኩት ግን እንዳልጮህ ነው። ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ያለ ሕመም ታጠፈልኝ። አገጬን ደፉ ላይ አሳረፍኩ። እንጨቱ ይሞቅ ነበር።

ነቃሁ።

ሙቀቱ እጄ ላይ ነው። ቡላ ራሱን ቡጢዬ ላይ አሳርፎ፣ ልክ እንዳስተማርኩት፣ ሳይነቃነቅ ተቀምጧል። አራቱም እግሮቹ ከደፉ ወዲህ ናቸው።

ዓይኔን አላመንኩም። «ገባህ እኮ አንተ» አልኩት። «ዛሬ ታልፋለህ። ዛሬ እጇን ታደርግብሃለች።» ሹራቤን በየት በኩል እንደማጠልቀው ጠፋኝ። ጫማዬን በእግሬ ስፈልግ ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። አቶ ወንድይፍራው ጋቢውን አዘቅዝቆ ከሁሉም ፊት ቆሟል። ከኋላው ሲስተር ፈትለወርቅ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራለች። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጉቶው አጠገብ ተጠጋግተዋል። ሰው እንዲህ ሆኖ በማለዳ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ከእነሱ ጋር በሰው ደጅ ቆሜ አውቃለሁ። ማን ይጀምር እየተባባሉ ነው።

ያ ሁሉ ሰው አጥሩን ከፍቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ደፌ ድረስ ሲመጣ ቡላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም።

በደንብ ተምሯል።