ከትልቅ ቤት የወጣው ትራንዚስተር

ዘርን መርምሮ፣ ዋስ አስጠርቶ የመሾም ጥበባችን ከሰው ልጅ አልፎ ለትራንዚስተር እንኳ መትረፉ፣ ጋይንት ውስጥ ስሙን ለክብሩ ስንል በማንጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት በይፋ ተረጋግጧል።

የሳይንስ መምህሩ ቢሻው ለአዲሱ ክፍል ምረቃ ትንሽ የቆርቆሮ ጋሪ ሠራ። የባትሪ መብራት ሲያበሩባት በሞተር እየሄደች ለክቡር እንግዳው የሪባን መቁረጫ መቀስ ታቀርባለች። የቀረው ለሞተሩ ኃይል የሚለቅለትን የሬዲዮ ዕቃ፣ ትራንዚስተሩን፣ መምረጥ ብቻ ነበር። ቢሻው አንዱን አንስቶ ሊበይድ ሲል፣ እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በአንድ ሰው ጭንቅላት እንደማይወሰን ተነገረውና ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴውን ማስቀየም አይችልም። ሚስቱ ሐረገ ወይን የምታስተምረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ ወደሷ ለመዛወር ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግራዝማች ማሩ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል፦ «ጋሪዋ ከሄደች ትዛወራለህ። ከቆመችም ትዛወራለህ፤ ያን ጊዜ ግን ወደ ስማዳ ቆላ ነው።»

ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። አንዱ ወፍራም፣ ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው፣ ዘይት የጠገበ ነው። ሌላው ከባቄላ አይበልጥም፤ ግን ያብረቀርቃል።

«ይኸ ትልቁ የማን ወገን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሬዲዮ ነው የወጣ፣ ጌታዬ።»

«መኪናው የማን ነበር?»

«የጨው ነጋዴ።»

ግራዝማች እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ትንሹስ?»

«ክቡር እንግዳችን ከቤታቸው ከላኩልን አሮጌ ሬዲዮ ነው። ግን ሞተሩ የሚስበውን ኃይል አይችልም፤ ይቃጠላል።»

«ይቃጠላል? የክቡርነታቸው?»

የኮሚቴው ጸሐፊ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ብዕራቸውን አነሱ። «ሁለቱንም ብንፈትናቸውስ፣ ግራዝማች?»

«ምን ነካዎት መሪጌታ! የትልቅ ቤት ልጅ ይፈተናል?»

መሪጌታም ተንፍሰው ጻፉ፦ «ትንሹ በትውልዱና በመልኩ ተመርጧል። ትልቁ ዋስ መጥራት ባለመቻሉ ተሰናብቷል።»

ቢሻው ውሳኔውን በሙሉ ልብ አከበረ። ትንሹን ትራንዚስተር ከጋሪዋ አናት ላይ በብርጭቆ ከድኖ፣ በቀይ ክር አስጊጦ፣ ከአንድም ሽቦ ሳያገናኝ በክብር አስቀመጠው። የተሰናበተውን ከሆዷ ሥር በይዶ ጥላሸት ቀባው። ማጭበርበሩ አሳፍሮታል፤ ከሐረገ ወይን ተለይቶ ሦስተኛ ዓመት መክረም ግን ከሐፍረቱ ይብስበት ነበር።

በምረቃው ዕለት እንግዳው መብራቱን አበሩ። ጋሪዋ ሄደች። እልልታው ቀለጠ። እንግዳው ጎንበስ ብለው በብርጭቆው ውስጥ አዩ።

«ይቺ የኔዋ ናት?»

«የክቡርነትዎ ናት» አሉ ግራዝማች እጅ ነስተው። «ይኸን ሁሉ ስትሠራ እንኳ ላብ አልወጣትም።»

እውነታቸውን ነው፤ አልወጣትም።

እንግዳው ስለ ዘር፣ ስለ ትጋትና ስለ ሥልጣኔ አንድ ሰዓት ተናገሩ። መጨረሻ ላይም ግራዝማችን በአውራጃው ያሉ ሞተሮች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሙ። ግራዝማች በሕይወታቸው የሚያውቁት ሞተር ያቺን ጋሪ ብቻ መሆኑ ሹመቱን ከአድልዎ የጸዳ አደረገው።

ሕዝቡ ሲበተን ቢሻው በደስታ ወደ ግራዝማች ቀረበ። «ጌታዬ፣ ጋሪዋ ሄዳለች። የዝውውር ደብዳቤዬን...»

ግራዝማች ማሩ ግራ ቀኝ አይተው ክንዱን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከሆዷ ሥር ያሰርኸውን አይቸዋለሁ።»

ቢሻው እግራቸው ላይ ተደፋ። «ይማሩኝ፣ ጌታዬ! ጥፋቴ ነው፤ ወደ ስማዳ ግን አይስደዱኝ!»

«ስማዳ? ምን በወጣህ!» አሉ ግራዝማች፣ አዲስ ሹመታቸውን የያዘውን ወረቀት እያጣጠፉ። «እኔ አሁን የአውራጃው ሞተር ሁሉ አለቃ ነኝ። ጋሪዋስ በትልቁ ሄደች፤ አንተን ለእስቴ ከሰጠሁ እኔ በምን ልሂድ?»