የንግግር ሐኪሙ
ንግግር ለማከም ባሕር ማዶ ተምሮ፣ ማዳመጥን ግን ያልተማረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በንጉሡ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አይቻለሁ። ጓደኛዬ ሰይድ የአማኑኤል ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ይንተባተባል። ሱቁን ሊነጥቀው ከሚፈልግ ዘመዱ ጋር በማግስቱ ችሎት ስለሚቆም፣ አዲስ የመጣው ባለ ማስተርስ የንግግር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

«ምን ያስቸግርሃል?»

«ነ... ነገ...»

«ነገር! ገባኝ!» አለና ስለ ምላስ ጡንቻ በእንግሊዝኛ ሰበከን። ሰይድ አፉን በከፈተ ቁጥር ቃሉን ይነጥቀዋል።

ስንወጣ ሰይድ በንዴት፣ «አ... አላስጨርሰኝ አለ እኮ!» አለኝ።

በማግስቱ ሽማግሌው ዳኛ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ጊዜ አለን» ብለው ዝም ብለው ጠበቁት። ሰይድ እየተንተባተበ ሁሉንም ተናገረ፤ ሱቁም ተፈረደለት።

ሐኪማችን ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሕክምናዬ ሠራ!»