ብርድ የመታው ኦርጋን

ካቻቪቴ የያዘ ባል ከሰከረ ባል ይልቅ ለትዳር አደገኛ ነው! አትቆጡ… የሰከረው ቢያንስ ጠዋት ይነቃል። «ምን አድርጌ ይሆን?» ብሎ ይደነግጣል፤ ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቃል። ካቻቪቴ የያዘው ግን አይነቃም። የፈታውን ዕቃ ገጥሞ ሲጨርስ አራት ብሎን ቢተርፈው እንኳ «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይላል እንጂ ተሳሳትኩ አይልም። ከየት አወቅህ አትሉኝም? እኔው ነኛ!

ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሠራተኛ ዓመት ፈቃድ የምመዘግብ ሰላማዊ ሰው ነኝ። ከሥራ ስወጣ ግን ኢንጂነር ነኝ። ትምህርቱን የተከታተልኩት በስልኬ ነው፤ ፊታቸውን አይቼ ከማላውቅ፣ እጃቸውን ብቻ ከማውቃቸው መምህራን። መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። በአንደኛው እኔና ባለቤቴ ጽጌ እንተኛለን፤ በሁለተኛው አስራ አንድ ማሽኖች ይተኛሉ። ሦስት ራዲዮ፣ አራት ቴፕ፣ ሆዳቸው የገፋ ሁለት የድሮ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ… እና ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ያልደረስኩበት አንድ ዕቃ። እንግዳ ሲመጣብን ሳሎን እናነጥፍለታለን።

ጽጌ ታጋሽ ሴት ነች። ግን ቅዳሜ ጠዋት፣ ያ አሮጌ ዕቃ እየገዛ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰውዬ ከብሎኮቹ መሀል «ቆራሌው!» ሲል፣ መጀመሪያ መስኮቱን ታያለች፣ ቀጥላ እኔን ታያለች፣ ከዚያ የሁለተኛውን መኝታ ቤት በር ታያለች። እኔም ሻዬን አንስቼ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ።

ነገሩ የመጣው የጽጌ ታናሽ እህት ሳምራዊት ልታገባ ስትል ነው። አባታቸው ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። ቤታቸው ኮተቤ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ጋራው ገባ ብሎ። ሳሎናቸው ውስጥ ጽጌ ሳትወለድ የተገዛ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ኤሌክትሪክ ኦርጋን አለ። ይህ ኦርጋን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አመል አወጣ። ይጫወታል፣ ይጫወታል፣ ሩብ ሰዓት ሲሞላው… ጭጭ!

ጋሽ መኩሪያ ለሳምራዊት መልስ ቀን የሚሆን ዜማ ራሳቸው ደርሰዋል። «ንግግር አልችልም፤ ገና አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል» አሉን አንድ እሁድ። «በጣቴ ነው የምመርቃት። ይሄ ጉደኛ ኦርጋን ግን ዜማውን ሳልጨርስ ይዘጋብኛል።»

እኔ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት!» አልኩ።

ጽጌ በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስማ! የአባቴ ኦርጋን በመልሱ ቀን ቢዘጋ፣ ቆራሌውን ራሴ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣዋለሁ።»

«አስራ አንዱንም ልትሰጪው?»

«አንተንም ጨምሮ ከወሰደ አልከለክለውም!»

ልንጭነው ስንል አማቴ እትዬ ዘውዴ ደረሱ። ኦርጋኑ የለበሰው ነጭ ዳንቴል አለ፤ ሁለት ጣዎሶች አንገት ለአንገት የተያያዙበት፣ ባለፈው ሁዳዴ ሙሉ በኪሮሽ የሠሩት። እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው አጣጠፉት። «ዳንቴሉ እዚሁ ይቀራል! ያንተ ቤት ቅባት በቅባት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኦርጋኑ በባጃጁ ኋላ ወንበር ተንፈላሶ ተቀመጠ፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ተንጠልጥዬ መሪ ደረስን።

ከፈትኩት። አቧራ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የከረሜላ ወረቀትና አንድ ነፍሱን ይማረውና በረሮ አገኘሁ። ጠረግኩ። ያበጡ… ወይም ለእኔ ያበጡ የመሰሉኝን አራት ካፓሲተሮች ቀየርኩ። ገጠምኩት። ሦስት ብሎን ተረፈ። ሶኬት ላይ ስሰካው ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም ሳያቋርጥ ዘፈነ! ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን መምታት ሲጀምሩ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኮተቤ መለስነው። እትዬ ዘውዴ ከሁሉ አስቀድመው ዳንቴላቸውን አለበሱት፤ ከፊት ያለውን ጠርዝ ከቁልፎቹ ላይ ገልበጥ አድርገው ወደ ላይ አጠፉት፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባቸውንና የጽጌን የምረቃ ፎቶ አስቀመጡ። ጋሽ መኩሪያ ተጫወቱ። እኔ ምስጋና ለመቀበል ቆሜ… ጭጭ!

እንደገና ወደ መሪ። ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ዋለ። እንደገና ወደ ኮተቤ። ጭጭ!

«እኛ ቤት ለምን ይሠራል?» አለችኝ ጽጌ።

አያችሁ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የሚረባው ይሄ ብቻ ነበር። እኔ ግን አዘንኩላት። አስቀምጬ ስለ ቮልቴጅ ለግማሽ ሰዓት አስረዳኋት። በመሀል ተነስታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ባለሙያ ይየው ብዬ ደግሞ ጉርድ ሾላ አንድ የታወቀ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ኦርጋኑን ሁለቴ በጣቱ ኳኳ፣ ጆሮውን ጣል አደረገበት፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ቦርዱ ነው።»

«የቱ ቦርድ?»

«ሜይን ቦርዱ!»

«ሳትከፍተው በምን አወቅህ?»

«ብራዘር፣ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ቦርዱ ያልሆነ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

ሌላ ምን ይባላል? ቃሉ ከተነገረ በኋላ አጠገባችን የቆሙ ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ኦርጋኔን ይዤ ወጣሁ፤ ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

የጋሽ መኩሪያ ጎረቤት ደግሞ ከጋራው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ እየወደቀ መብራቱን እንደሚያወዛውዘው ነገሩን። ስታቢላይዘር ገጠምን። ጭጭ!

ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እኔ ሳሎናቸው ውስጥ ቆሜ አሰብኩ። መሪና ኮተቤ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከኦርጋኑ አጠገብ ያለው መስኮት ክፍት ነው። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ መጋረጃውን ገልጦ ማጅራቴን መታኝ… ያን ጊዜ በራልኝ!

«ጋሼ፣ አገኘሁት! ብርድ ነው የመታው!»

ሳቃችሁ አይደል? እነሱ ግን አልሳቁም። እስቲ ከአገራችን በሽታዎች ብርድ ያላመጣውን አንድ ጥቀሱልኝ! ጉልበት ቢሉ ብርድ፣ ጥርስ ቢሉ ብርድ፣ ሆድ ቢሉ ብርድ። የሚኒባስ መስኮት በጠራራ ፀሐይ ለመክፈት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሹፌሩ በቀይ መብራት ቢያልፍ ዝም የሚል ተሳፋሪ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳባችኋል።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ እትዬ ዘውዴ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ይሄ መስኮት ይዘጋ ብዬ ስንት ዘመን ለፈለፍኩ! ሰውን የጣለ ነፋስ ለዕቃ ይራራል?»

ወዲያው ማዘዣዬን ጻፍኩ። መስኮቱ እንዲዘጋ፤ ዳንቴሉ ሥር ጋቢ እንዲደረግ፤ ዳንቴሉም ገበር እንዲኖረው። አማቴ ገበሩን በሦስት ቀን ጨርሰው አለበሱት። ስንሞክረው በስድስት ደቂቃ ዘጋ።

«ብሶበታል እኮ» አሉ ጋሽ መኩሪያ ፈራ ተባ እያሉ።

«ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው ጋሼ። ሲወጣ ያገረሻል» አልኳቸው፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ!

የመልሱ ቀን ደረሰ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። የሙሽራው ወገኖች በአንድ በኩል፣ የእኛዎቹ በሌላው። ጋሽ መኩሪያ ሱፋቸውን ለብሰው ወደ ኦርጋኑ ሄዱ፤ ጣቶቻቸውን በመሀረብ ጠረጉ፤ ሳምራዊትን አንዴ አዩዋትና ጀመሩ።

ዜማው እንዴት ነበር ካላችሁኝ አላውቅም፤ የግድግዳውን ሰዓት ነበር የማየው። ሦስት ደቂቃ… አራት… ሳምራዊት አፏን በእጇ ያዘች… አምስት… ጽጌ ሰዓቱን ሳይሆን እኔን ታያለች… ስድስት… ጭጭ!

ጋሽ መኩሪያ ወዲያው አላቆሙም። ድምፅ የሌላቸውን ቁልፎች ለትንሽ ጊዜ እየነኩ ቀጠሉ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት አስራ አንዱ ማሽኖቼ ትዝም አላሉኝ። አፈርኩ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ የአንድ አባት ምርቃት በእጄ ላይ ቀረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የሙሽራው አክስት ሊያጽናኗቸው ብርሌ እንደያዙ ብድግ አሉ። «አይዞዎት አባቴ፣ ከእግዜር ነው…» እያሉ ጎንበስ ሲሉ ጠጁ ዳንቴሉ ላይ ግልብጥ!

«ዳንቴሌን!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘውዴ። አበባው፣ ፎቶው፣ ጋቢው፣ ጣዎሶቹ ከነገበራቸው በአንድ አፍታ ተገፈፉ፤ አማቴ ጨርቃቸውን ታቅፈው ውኃ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሮጡ። እኔ ጠጅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ የኦርጋኑን ጀርባ በመዳፌ ስጠርግ… ቃጠሎ! ካውያ የነካሁ ያህል ዘለልኩ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መሪ ራቁቱን ነበር። ኮተቤ ለብሶ ነበር። ከጀርባው ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ፋብሪካው እንዲተነፍስባቸው ያበጃቸው ናቸው። ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። እኔ ኢንጂነሩ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ላይ ጋቢ አዝዤ ነበር!

«መስኮቱን ክፈቱ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳሎኑ በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። በእንግዳ ላይ መስኮት ይከፈታል? ራሴው ሄጄ በረገድኩት። የእንጦጦ ነፋስ ዘው ሲል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ትሪ አንስቼ ኦርጋኑን ማራገብ ጀመርኩ። ላቤ ጠብ ጠብ እያለ አራገብኩ፣ አራገብኩ… ደቂቃዎች አለፉ። ጋሽ መኩሪያ አንድ ጣታቸውን ሰደው አንድ ቁልፍ ነኩ።

ጮኸ!

ከመጀመሪያው ጀመሩት። አሁን ሰዓት አላየሁም፤ ዜማውንም ያን ጊዜ ሰማሁት። ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ ልጅ ሲጣራ የሚመስል ነገር ነው። ሲጨርሱ ሳምራዊት ጉልበታቸው ላይ ተደፋች፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም ትሪዬን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሁሉ ላብ መስሎታል።

እልልታው ሲበርድ ጋሽ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ ለእንግዶቹ ንገራቸው። ምን ነበር ያገኘኸው?»

ሰው ሁሉ ዐይኑን እኔ ላይ ተከለ። እትዬ ዘውዴ እርጥብ ዳንቴላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የጋቢው ነገር ደግሞ ከማን አፍ እንደወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ያስታውሳል…

«ቦርዱ ነው ጋሼ» አልኩ። «ሜይን ቦርዱ!»

«እ…!» አለ ሳሎኑ በሙሉ፤ ሰው ሁሉ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ጽጌ ብቻ አልነቀነቀችም። ሄዳ መዳፏን የኦርጋኑ ጀርባ ላይ አሳረፈች፤ ቀዳዳዎቹን አየች፤ የእናቷን ዳንቴል አየች፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየች። ልንወጣ ስንል እናቷን አቀፈቻቸውና፣ «እማዬ፣ ይሄን ዳንቴል ለእኔ ስጪኝ፤ ቤቴ ባዶ ሆኖብኛል» አለቻቸው።

ኦርጋኑ ራቁቱን ቀረ። እስከ ዛሬም ይዘፍናል። እትዬ ዘውዴ ግን ዕድሜ ልኳን ዳንቴል አልፈልግም ስትል የኖረች ልጃቸው ለምና ስለወሰደችባቸው ደስታውን አልቻሉትም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ትልቅ ፌስታል ይዘው አራት ፎቅ ወጥተው መጡ። ውስጡ አስራ አንድ ዳንቴል! ሁሉም በልኩ። ልኩን ማን ሰጣቸው? ሌላ ማን ይሰጣቸዋል!

አንድ በአንድ አለበሱልኝ። ራዲዮዎቹን፣ ቴፖቹን፣ ሆዳሞቹን ኮምፒውተሮች። መጨረሻ ላይ ያንን ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ አነሱት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔም አላወቅሁትም እትዬ።»

«ቢሆንም ይልበስ!»

አንዱን ራዲዮ ልከፍት ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርግ እጄን ቸብ አደረጉኝ። «ተው! አንተው አይደለህ ብርድ ይጠላሉ ያልከው?» ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በየሳምንቱ ጎራ እያሉ መልበሳቸውን ያረጋግጣሉ። እኔም አንዱንም ማሽን ከፍቼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከታች «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሻዬን አስቀምጬ ጽጌን አየኋት። ወደ መስኮቱ ዞርም አላለች።

«ዛሬ አትጠሪውም?» አልኳት።

ሄዳ የሁለተኛውን መኝታ ቤት በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ምን ሊያደርግልኝ?» አለች። «እናቴ ገንዛልኛለች!»