የቀኝ ክንፍ ነዳጅ

አንባቢዬ፣ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ገጥሞህ ያውቃል? የተኛ ሰው አይቶ «ምን አስቦ ነው ዓይኑን የጨፈነው?» የሚል ዓይነት? በድሬ የከዚራው ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንደዚያ ነበሩ።

አንድ የአሰሳ ዕለት ቤት ለቤት ሲፈትሹ እኔም ቤት ገቡና የእህቴን ልጅ ደብተር አነሡ። አጠገቤ የቆመው ልጅ አውሮፕላን ማብረር ይማራል፤ ደብተሩ ላይ የመለማመጃዋን አውሮፕላን የነዳጅ መስመር ሥሏል። ጓድ ሊቀመንበር ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ግራው ሲያልቅ ወደ ቀኝ አዙር።»

በዚያ የአብዮት ዘመን «ቀኝ» በምትባል አንዲት ቃል ስንቱ እንደታሰረ ልንገርህ?

«አቦ! ወደ ቀኝ? ማነው አዙር ያለህ?»

«አስተማሪያችን፣ ጓድ። ነዳጁ ያለው በግራና በቀኝ ክንፍ ውስጥ ነው። ማዞሪያው ‹ሁለቱም› የሚልም አለው።»

«እሱ ደግሞ መሀል ሰፋሪ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ ከግራው ብቻ ይጠጣ!»

ልጁ ሥዕሉ ላይ ክንፎቹን በጣቱ አሳያቸው። «ከግራው ብቻ ከጠጣማ ግራው ይቀልና ቀኙ ይከብዳል። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ጓድ።»

ጓድ ሊቀመንበር ጣሪያውን አዩ፤ ከኋላቸው የቆመውን ባለጠመንጃ ሰረቅ አድርገው አዩ። በመጨረሻ ደብተሩን መለሱለት።

«እንግዲያው ቀኙን መጥጣችሁ ጨርሱት!»

ተረፍን። ከዚያ ወዲህ በድሬ ሰማይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጓድ ሊቀመንበር አንጋጠው ወዴት እንዳጋደለ ያያሉ። እኔ ደግሞ ከመስኮቴ ሆኜ፣ እሳቸው ወዴት እንዳጋደሉ አያለሁ።