የበጅሮንድ ሬይኖ ፍሪዘር

ለውሻው ጥሬ ሥጋ የሚያከማች ሰው እንግዳ ሲመጣበት "ግባ፣ ተቀመጥ" አይልም። "ና ላሳይህ" ነው የሚለው። ካፖርትህን ሳታወልቅ ክንድህን ይዞ ወደ ጓዳ ይወስድህና የፍሪዘሩን ክዳን ብድግ ያደርገዋል። አንተም ብርዱ ፊትህ ላይ እየተነነ፣ የላም ግት፣ የበግ ማንቁርት፣ የአጋዘን ሳንባ ቁልቁል እያየህ "ወይ ጉድ! እንዴት ያምራል!" ማለት አለብህ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ በረዶ በሚበዛበት የዓለም ሰሜን ጫፍ በየመንደሩ አንድ አንድ አይጠፋም። ለኛ መንደር የደረሰው ግን ቁንጮው ነው።

ስሙ ሬይኖ ኡሲታሎ ነው። እኔ ደግሞ ሲልቪ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ አብስዬ ጡረታ የወጣሁ፣ በሐይቁ ዳር የሱ ጎረቤት ነኝ። በልቤ በጅሮንድ ሬይኖ እለዋለሁ፤ የንጉሥ ግምጃ ቤት የጠበቀ ሰው እንኳ እንደሱ አልጠበቀም። ፍሪዘሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስተኛል። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ኋላ እንመጣበታለን።

በዚያ ፍሪዘር ውስጥ ሥጋው ሁሉ በፌስታል በፌስታል ነው። በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ በጥቁር ማርከር ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ ለማን እንደሆነ። "ጉበት። መስከረም 28። ለሃላ።" ለማን የሚለው ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቶኝ አያውቅም፤ ሃላ አንድ ናት፣ ሌላ ውሻ የለውም። ጆሮዋ የቆመ፣ ጅራቷ ጀርባዋ ላይ የተጠቀለለ፣ ሰው ስታይ እንደ አማት የምትገላምጥ ግራጫ የአደን ውሻ ነበረች።

የፍሪዘሩ ሕግ አንድ ነው፤ መንደሩ በሙሉ እንደ አባታችን ሆይ ያውቀዋል። "አሮጌው ከላይ፣ አዲሱ ከታች!" አዲስ ሥጋ ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላው አይነካም፣ ትሉ ይሙት። ዓመት ያለፈው ደግሞ ለቁራ ይጣላል። "ዓመት ያለፈው ሥጋ ሥጋ አይደለም፤ በሽታ ነው" ይላል በጅሮንድ፣ ጣቱን ቀስሮ። ለውሻ ከጥሬ ሥጋ ሌላ የበሰለ ነገር ሲሰጥ ያየ ቀን ደግሞ አያድርስ ነው። ፖስታ የምታመጣው ልጅ አንድ ጊዜ ለሃላ ብስኩት ብትሰጣት፣ ሁለት ጣቱን ውሻዋ ጉሮሮ ድረስ ከትቶ ብስኩቱን አወጣና እጇ ላይ መልሶ አስቀመጠላት።

እሱ ራሱ የሚበላው የአጃ ገንፎ ነው። ጠዋትም ማታም።

"ሐኪም ሥጋ ከለከለህ እንዴ?" ብዬው አውቃለሁ።

"እኔ ምን አድኜ ነው ሥጋ የምበላው?" አለኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሳቅ ማለፍ ይቻል ነበር። የማይታለፈውን ልንገራችሁ። ሚስቱ አውኔ ከአራት ዓመት በፊት በኅዳር ሞተች። ከቀብር መልስ ቤቱ ተሰብስበን ቡና ጠጣን፤ እኔ የጋገርኩት የዓሣ ዳቦ ሁለት ትሪ ተረፈ። ብቻውን የቀረ ወንድ ነው፣ ሳምንቱን ይበላዋል ብዬ ትሪዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። በጥቁር ሱፉ ተከትሎኝ ሮጠና በፍሪዘሩ ክዳንና በኔ መሃል ቆመ።

"ቦታ የለም" አለኝ።

"ጠርዝ ላይ ላስጠጋልህ፣ ሬይኖ።"

"ቦታ የለም አልኩሽ! አትንኪው! የሃላ ነው!"

ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ወደ ጓዳው አሰገገ። እኔም ትሪዬን ይዤ በበረዶው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ፤ የአውኔ ሞት ይሁን ውርደቱ ይሁን ያስለቀሰኝ፣ ዛሬም አላውቅም። "የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ በውሻ ሥጋ የሚሟገት!" ተባለ በየቤቱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ። አንዲት ቃል ግን አስቀመጥኩለት። አንድ ቀን ደጄን ትረግጣለህ፣ ያን ቀን "ቦታ የለም" ነው የምልህ አልኩ በሆዴ። ቂሜ እንደሱ ሥጋ ነው፤ ሳይበላሽ ይቆያል።

ባለፈው መከር ሃላ አሥራ ሦስት ዓመቷን ያዘች። ውኃ አበዛች፣ ከሳች። የእንስሳት ሐኪሟ መረመረቻትና "አባቴ፣ ኩላሊቷ ደክሟል። ገናን ካየች ጥሩ ነው" አለችው። በጅሮንድ አመሰገነ፤ በማግስቱ አጋዘን ወደሚታረድበት ሄደና ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፌስታል ሥጋ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ የሚበቃ አድርጎ ፍሪዘሩን ሞላ። ክዳኑን የዘጋው ተቀምጦበት ነው። የዚያን ጊዜስ አላስቻለኝም፣ በአጥር ላይ ጠራሁት።

"ሬይኖ፣ ዶክተሯ ያለችህን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። ክረምቱ ረጅም ነው።"

"ስለ ሃላ ነው የምልህ።"

"ምግቧ ተቀምጦላት ለምን ትሞታለች?" አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም።

ገናን አየች። ጥር 14 ቀን ጠዋት ግን ያልነካችው ጉበት አጠገብ ሞታ አገኛት።

እኛ አገር በክረምት የሞተ ውሻ ወረፋ ይጠብቃል። መሬቱ አንድ ክንድ ተኩል ድረስ ድንጋይ ነው፤ አካፋም ዶማም አይገባውም። ስለዚህ ሰው ውሻውን በፍሪዘሩ ውስጥ በዳቦውና በእንጆሪው መሃል ያስተኛዋል፣ በግንቦት ይቀብረዋል። ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። ውጭው ራሱ ፍሪዘር አይደለም ወይ የሚል ካለ፣ የጎረቤታችን የቶይቮ ውሻ ሞቶ ዕቃ ቤት ተኝቶ ሳለ ቀበሮ ምን እንዳደረገው ቶይቮን ይጠይቅ። ከተማ ወስደው የሚያቃጥሉም አሉ። ሬይኖ ግን "ሃላ ጭስ አትሆንም" አለ። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ውሾቻቸው የተኙት ከሐይቁ ዳር ካለው ጥድ ሥር ነው፤ እሷንም እዚያው፣ አካሏ ሳይጎድል ማስተኛት ፈለገ። ሌላ የፈለገው ነገር የለም።

ፍሪዘሩ ግን እስከ ክዳኑ ሙሉ ነው፤ ያውም በእሷው ቀለብ።

ሁለት ቀን ሙሉ መሬቱን በድጅኖ ሲወቅጥ ዋለ። ቂው፣ ቂው የሚለው የብረት ድምፅ ከወጥ ቤቴ ይሰማኛል። ደግ አደረገህ ለማለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፣ ሬዲዮ ከፈትኩ። በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ።

"ሲልቪ" አለኝ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ።

"አቤት።"

"ፍሪዘርሽ... ቦታ ይኖረው ይሆን?"

አራት ዓመት ያስቀመጥኳት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። አፌንም ከፍቼ ነበር። ከዚያ እጁን አየሁት። ጓንቱ ተቀዷል፣ መዳፉ ተልጧል፣ ደሙ ደርቆ ከቆቡ ጋር ተጣብቋል። ቃሌን ዋጥኳት። እንዴት እንደመረረችኝ አልነግራችሁም።

"ስንት ፌስታል ነው?"

"ሰባ። ሰባ ከወጣ ቦታ ይበቃታል። ሳትደርቅ እግሯን አጣጥፌ ጠቅልያታለሁ።"

"ለቶይቮ ውሾች ብትሰጠውስ?"

"ስሟ ተጽፎበታል።"

"ስም አይበላም፣ ሬይኖ!"

"እሷ መሬት ሳትገባ ሌላ ውሻ ቀለቧን አይበላም" አለና አንገቱን ደፋ። ካፖርቴን ደረብኩ።

ያን ፍሪዘር በሕይወቴ የነካሁት ያን ቀን ነው። አዲስ የገባ ከታች ነው የሚሆነው ብሎ ሙጭጭ ስላለ፣ የግድ ሁሉንም አወጣን። በዚያ ቀን እንኳ ዝም አላለም። "በተራ! በተራ አንሺ! ጥር ከየካቲት ጋር ተደባለቀ!" እያለ ይጮሃል። "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬን እንኳ ተወኝ!" ብዬ ጮኽኩበት። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ የሳንባና የጨጓራ ክምር ጉልበቴ ደርሷል፣ ሃላ ደግሞ በአውኔ የሱፍ ፎጣ ተጠቅልላ በሩ ሥር ወለል ላይ ናት።

መጨረሻ ላይ የፍሪዘሩ ወለል ታየ። እዚያ ጥግ፣ አመዳይ የሸፈነው አንድ ፌስታል ተለጥፎ ቀርቷል። ሬይኖ በእጁ ሊከልለው ፈጠነ፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ። "ልብ። ጥቅምት 9። ለሃላ።" ዓመተ ምሕረቱ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ጽሕፈቱ የሱ አይደለም። ክብ ክብ ያለ ነው፤ አውኔ ናት እንዲህ የምትጽፈው።

በዚያ መከር አውኔ ታማ ነበር። የክረምቱን ቀለብ ሁሉ ተቀምጣ የቋጠረችው፣ የጻፈችው እሷ ናት ማለት ነው። እኔ ትሪዬን ይዤ በገባሁ ዕለት ፍሪዘሩ በእጇ ጽሕፈት ሙሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልገፋው፣ ላጠጋጋው፣ ላዘበራርቀው። ያንን ሁሉ በተራ እየከፈተ ለሃላ አበላ፤ የመጨረሻዋን ግን አልቻለም። ያ ሁሉ "አሮጌው ከላይ" የሚለን ሰው፣ አሮጌውን አራት ዓመት ከታች ደብቆት ኖሯል። አፈርኩ። ከቀብሩ ቀን ይልቅ አፈርኩ።

"እሱ... እሱ ይቆይ" አለኝ፣ ሳያየኝ።

"ይቆይ" አልኩት።

ሃላን ከፌስታሉ አጠገብ አስተኛናት። ከዚያ እንደ ልማዱ ፕላስተር ቀደደና ማርከሩን አወጣ። "ሃላ። ጥር 14።" ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ብዙ ቆመ። "ለሬይኖ" ብሎ ጨረሰው።

የሐይቁ በረዶ በግንቦት 22 ሄደ። በ25 እኔ፣ ሬይኖና ቶይቮ ሆነን ጥዱ ሥር ቆፈርን። ሃላ እንደ ድንጋይ እንደደረቀች ነው የገባችው፤ የሞተ ውሻ እንዲህ ጠጥሮ ሲታይ ደግሞ ሐዘኑ ይብሳል። አፈር ልንመልስ ስንል ሬይኖ ካፖርቱ ውስጥ እጁን ከተተና ያቺን ፌስታል አወጣ።

"ጋሼ ሬይኖ፣ ደግሞ ይሄ ምንድነው?" አለ ቶይቮ።

ሬይኖ ተንበርክኮ ፌስታሉን ሃላ ላይ በቀስታ አስቀመጠው። "አሮጌው ከላይ" አለ። "አዲሱ..." ብሎ ሊጨርስ ነበር፤ አልጨረሰም። በሚስቱ ቀብር ጠብ ያላለው እንባ ያን ቀን ወጣ። ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔም አካፋዬን ተደግፌ አብሬው አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አሁንም አትጠይቁኝ።

ስንመለስ ሬይኖ ደጄ ላይ ቆመ።

"ነገ መጥቼ ሰባውንም ፌስታል አነሳልሻለሁ። ለቶይቮ ውሾች ይሁን። ቦታ ይዞብሻል።"

"ቦታ አለኝ" አልኩት። "ምን አስቸኮለህ? በቀን አንድ አንድ ውሰድ።"

"በቀን አንድ ከሆነ እስከ ነሐሴ ነው።"

"ይሁና።"

ይኸው አሁን ሰኔ አጋማሽ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ከተፍ ይላል። እንደምን አደርሽ የለ፣ ቀጥታ ወደ ፍሪዘሬ። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። "አንቺ ሴትዮ! አዲሱን ከላይ ማን አደረገው? ዛሬም? ሠላሳ ዓመት ምን ስትቀቅይ ነው የኖርሽው?" ግማሽ ሰዓት ሙሉ እያጉረመረመ በተራ ይደረድራል። ሲጨርስ ቁጭ ይልና ቡናውን በዓሣ ዳቦ ይጠጣል። ስለ ዳቦው አንድም ቀን ክፉ አልተናገረም።

እስካሁን አልነቃብኝም። ማታ ከመተኛቴ በፊት ፍሪዘሩን ከፍቼ አዲሱን ወደ ላይ፣ አሮጌውን ወደ ታች የምገለብጠው እኔ ነኝ።